የመንዝ በግን ለሱፍ ማርባት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቤታችን መንዝ ነው፤ ከመሃል ሜዳ ከተማ ወጣ ብሎ። በጉን የምናረባውም፣ የምንሸልተውም፣ የምንፈትለውም እኛው ቤተሰቡ ነን። አዲስ አበባና ደብረ ብርሃን ያሉ ዘመዶቻችን፣ የዘመድ ዘመዶች፣ ደጋ ላይ መሬት አለን ምን እንሥራበት የሚሉ ወጣቶች ይደውላሉ። የሚጠይቁት ደግሞ ያው ነው። አንድ ቦታ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው።

የአገራችን በግ ሱፍ አለው እንዴ?

የመንዝ በግ አለው። ቆላና ወይና ደጋ ያለው በግ አብዛኛው አጭር ፀጉር ብቻ ነው፤ መንዝ ግን ብርዱ ሌላ ነው። መሃል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። በጉ ትንሽ ነው፣ እናቲቱ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ብትመዝን ነው፣ ላቷ አጭር ሆኖ ጫፉ ጠምዘዝ ይላል፣ አውራው ቀንዳም ነው። ልብሱ ግን ድርብ ነው። ከላይ ረጅምና ሻካራ ፀጉር፣ ከሥር ደግሞ ከቆዳው የተጠጋ ለስላሳ ሱፍ። እጃችሁን ጀርባው ላይ ከትታችሁ ብትገልጡት ሁለቱንም ለይታችሁ ታዩታላችሁ።

ከአንድ በግ ስንት ይገኛል? ያዋጣል?

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጥቂት ነው። በአንድ ሽልት ኪሎ አይሞላም፤ እኛ ቤት ብዙውን ጊዜ ግማሽ ኪሎ አካባቢ ነው የሚወጣው። ያልታጠበውን ሱፍ በጆንያ ጠቅጥቃችሁ ለነጋዴ ብትሰጡ የሚከፈላችሁ ገንዘብ የሸላቹን የቀን ክፍያ አይሸፍንም። ብዙ ሰው ይህን አንድ ጊዜ ይሞክርና «የሱፍ ነገር ከንቱ ነው» ብሎ ሱፉን አጥር ሥር ይጥለዋል። ሲጣል ሳይ ያንገበግበኛል። ሱፉ ዋጋ የሚያወጣው ተፈትሎ፣ ተሸምኖ ባና ወይም ዝተት (ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ) ሲሆን ነው። ስለዚህ ጥያቄው «በጉ ያዋጣል ወይ» ሳይሆን «ቤታችሁ የሚፈትል እጅ አለ ወይ» ነው። እጁ ካለ ያዋጣል። ከሌለ በጉን ለሥጋ አርቡት፣ ሱፉን ለሚፈትል ጎረቤት ስጡት።

አልፓካ ብናስመጣስ? ቪዲዮ ላይ አይተን ነበር።

ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣል፤ ደስ የሚል እንስሳ ስለሆነ አይገርመኝም። አልፓካ የአንዲስ ተራራ እንስሳ ነው፣ በተለይ የፔሩና የቦሊቪያ። እዚያ 3,500 ሜትርና ከዚያ በላይ ላይ ነው የሚኖረው፣ ስለዚህ የመንዝ ከፍታ አይከብደውም ብለው የሚሟገቱ አሉ። ልክ ናቸው። ሱፉም ከእኛው በግ በጣም ይበልጣል። በዓመት አንድ ጊዜ ተሸልቶ ከ2 እስከ 4 ኪሎ ይሰጣል፣ ለስላሳ ነው፣ የበግ ሱፍ ላይ ያለው ቅባት ስለሌለበት ለማጠብም ይቀላል።

ችግሩ ሌላው ነው። አልፓካ ብቻውን አይኖርም፣ መንጋ ይፈልጋል። እርግዝናው ከ11 ወር በላይ ይፈጃል፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወልደውም አንድ ነው። አንዱ ሲታመም እዚህ ማን ያክመዋል? የእኛ የወረዳ እንስሳት ሐኪም በግና ከብት ነው የሚያውቀው። አውራ ቢሞትባችሁ ከየት ትተካላችሁ? ለማስገባት የሚያስፈልገው ፈቃድና የኳራንቲን ጣጣ እንዳለ ሆኖ ነው ይሄ። በዚያ ገንዘብ ስንት ጥሩ የመንዝ በግ እንደሚገዛ አስቡት።

ስንት በግ ይዤ ልጀምር? ምንስ ዓይነት?

ከ10 እስከ 15 እናት በግና አንድ አውራ ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል፤ ግጦሽ ካላችሁ ማለት ነው። ጀማሪ ሆኖ 50 የገዛ ሰው አውቃለሁ፣ ክረምቱን ሳይወጣ ግማሹን ሸጠው።

ሱፍ ከፈለጋችሁ ገበያ ላይ በግ ስትገዙ ጀርባውን ብቻ እያያችሁ አትግዙ። ትከሻው ላይ፣ ጎኑ ላይ፣ ታፋው ላይ ፀጉሩን ግለጡ። ሦስቱም ቦታ ተቀራራቢ ከሆነ ጥሩ ነው። ታፋው ላይ እንደ ፍየል ሻካራ ከሆነ ተዉት። ቀለምንም አስቡበት። ጥቁር፣ ቡናማና ነጭ ካላችሁ ያለ ምንም ማቅለሚያ ባለ መስመር ባና ይወጣላችኋል። ጉራማይሌውን መለየት ግን አድካሚ ነው፣ አንድ በግ ላይ ሦስት ቀለም ሲኖር ከመፍተሉ መልቀሙ ይበልጣል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ ሙክትን አትናቁ። የተኮላሸ በግ አያረግዝም፣ አያጠባም፣ የበላው ሁሉ ሥጋና ሱፍ ነው የሚሆነው። ሁለት ሦስት ዓመት ትሸልቱታላችሁ፣ ከዚያ ለበዓል ታወጡታላችሁ።

አውራውን በየሁለት ዓመቱ ቀይሩ። ከልጆቹ ጋር ሲዳቀል ግልገሉ እየኮሰሰ ይሄዳል። ሞላሌና መሃል ሜዳ አካባቢ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ኢካርዳ የሚባለው ዓለም አቀፍ የግብርና ምርምር ድርጅትና የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ከገበሬው ጋር ሆነው የጀመሩት የማኅበረሰብ በግ ማሻሻያ አለ። ገበሬው ተሰብስቦ የተመዘገቡትን ጠቦቶች አይቶ የተሻለውን ይመርጣል፣ የተመረጠው አውራ ለብዙ ቤት ያገለግላል። አቅራቢያችሁ ካለ ግቡበት። ድሮ ፈጥኖ ያደገው ጠቦት ጥሩ ስለሚያወጣ ቶሎ ይሸጥ ነበር፣ ለዘር የሚቀረው ደካማው ነበር። ይህ ነው በጋችንን ሲያሳንሰው የኖረው።

አዋሲ ድቅል አይሻልም?

አዋሲ ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጣ ትልቅ በግ ነው። ድቅሉ በኪሎም በሱፍም ከመንዝ በግ ይበልጣል፣ አልክድም። መኖ የሚቆርጥለት፣ ቅርብ ሆኖ የሚጠብቀው ሰው ካለ ደህና ነው። በግጦሽ ብቻ የሚኖር ከሆነ ግን በበጋው ይከሳል፣ የእኛው በግ ግን ያቺኑ ገለባ በልቶ ያልፋታል።

እኛ አንድ ጊዜ ድቅል አውራ ገዝተን ነበር። ሲመጣ እንደ ጥጃ ነበር፣ ሰፈሩ ሁሉ ሊያየው መጣ። በሁለተኛው ዓመት መክሳት ጀመረ፣ ትንሽ ሲሄድ ቁና ቁና ይተነፍሳል፣ ይበላል ግን አይወፍርም። ቀስ በቀስ አለቀ። የሸጠልን ሰው ምንም አልነገረንም፣ እኛም አልጠየቅንም። ከሌላ አገር ዝርያ ጋር የሚመጣ ማኤዲ ቪዝና የሚባል የሳንባ በሽታ አለ። ቫይረስ ነው፣ መድኃኒት የለውም፣ ከእናት ወደ ግልገል በእንገር በኩል ያልፋል፣ እስኪታወቅ ዓመታት ይወስዳል። የእኛው እሱ ይሁን ሌላ ሳናስመረምረው ሞተ። እናንተ ድቅል ስትገዙ የደም ምርመራ ጠይቁ። ሳይመረመር መንጋ ውስጥ አታስገቡ።

መቼ ነው የሚሸለተው?

እኛ ግንቦት ላይ ነው የምንሸልተው። በልጉ ካባራ፣ ፀሐዩ ጠንከር ካለ በኋላ። ክረምቱ እስኪገባ ቢያንስ ወር ከምናምን ስላለው ገላው ዳግም ይሸፈናል። ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጭ ነው፣ በዚያ ጊዜ በግ መሸለት ማለት ሰውን ሌሊት ያለ ጋቢ ሜዳ ላይ ማስተኛት ነው። ሐምሌና ነሐሴማ አይታሰብም።

ሌላም ጥቅም አለው። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ስለሆነ ለበዓል የሚወጣውን በግ አያበላሽም፣ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ደግሞ ፀጉሩ መልሶ ይሞላል። ገዢ ፀጉር የሞላ በግ ይወዳል፤ ጎበዝ ነጋዴ ግን እጁን አስገብቶ አከርካሪውን ነው የሚዳስሰው።

ልትወልድ የደረሰችውን አትሸልቷት። እርግዝናው 5 ወር ስለሆነ ቆጥራችሁ እወቁት፣ ወልዳ ከጠናች በኋላ ይደርሳል።

እንዴት ነው የሚሸለተው?

ዋዜማውን ማታ ምንም አታብሉት። ሆዱ ሲሞላ ይጨነቃል፣ ልብሳችሁ ላይም ይጸዳል። ዝናብ የነካውን በግ አትሸልቱ፣ እርጥብ ሱፍ ጆንያ ውስጥ ይሻግታል። አንዳንዶች ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብለው ወንዝ ወርደው ያጥቡታል፤ ጥሩ ልማድ ነው፣ ግን ደረቅ ሣር ላይ ያድርቁት እንጂ አቧራ ላይ ከተንከባለለ ልፋቱ ባዶ ነው።

ሸራ ወይም ንጹሕ ጆንያ አንጥፉ። በጉን በቂጡ አስቀምጡት፣ ጀርባው ጉልበታችሁ ላይ ደገፍ ይበል። እንዲህ ሲቀመጥ ይረጋል፣ አራቱን እግር ጠፍሮ መጣል አያስፈልግም። ከሆዱ ጀምሩ፣ የሆዱ ሱፍ ቆሻሻ ስለሆነ ለብቻ ይቀመጥ። ከዚያ ጎን፣ ከዚያ ጀርባ። በግራ እጃችሁ ቆዳውን ወጠር አድርጉ፣ በቀኝ መቀሱን ከቆዳው ጋር አስተኝታችሁ ግፉት። ፀጉሩን ወደ ላይ እየሳባችሁ አትቁረጡ፣ ቆዳው አብሮ ይነሳና ይቆረጣል። ብሽሽቱና ጡቱ አካባቢ ቆዳው እንደ ወረቀት ስስ ነው፣ እዚያ ላይ አትቸኩሉ። ከተቆረጠ አዮዲን ቀቡት፣ ዝንብ እንዳያርፍበት።

የጀማሪ ስህተት አንዱን ቦታ ሁለቴ መቁረጥ ነው። አንዴ አልፋችሁ ረዘም ያለ ከቀረ ተዉት። መልሳችሁ ስትቆርጡት የሚወጣው የጣት ጥፍር የምታህል ብጣሽ ነው፤ እሷ ስትፈተል አትይዝም፣ ክሩ ላይ ቋጠሮ ትሆናለች፣ ባናው ሲነካ የሚኮሰኩሰውም በእሷ ነው። እናቴ ፈትላ ስታበቃ ከክሩ ላይ እየለቀመች ጉልበቷ ላይ ትከምራቸዋለች፣ ማን እንደሸለተውም ከዚያ ታውቃለች።

ከተሸለተ በኋላ ቢያንስ ሳምንት ሌሊቱን ቤት ይደር። ጉሮኖው ጣሪያ ከሌለው ዋናው ቤት አስገቡት።

ሱፉን እንዴት ልጠበው?

መጀመሪያ ልቀሙት። ጭጎጊት፣ ገለባ፣ በጠጥ የያዘውን ጫፍ ሁሉ። ጭጎጊት የያዘ ሱፍ ከታጠበ በኋላ መልቀም ሥቃይ ነው፣ ደርቆ እንደ መርፌ ጣት ይወጋል።

ከዚያ ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ሳሙና። ሱፉን ውሃው ውስጥ ጫን አድርጋችሁ ተዉት። አትሹት፣ አትጭመቁት፣ ከሙቅ አውጥታችሁ ቀዝቃዛ ውስጥ አትክተቱት። ሱፍ ሲታሽና ውሃው ሙቀቱ ሲለዋወጥበት ይያያዛል፣ አንድ ላይ ተጣብቆ እንደ ኮፍያ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ አይፈታም። ቅባቱንም ሙልጭ አድርጋችሁ አታውጡት። ትንሽ ሲቀር ለመፍተል ይመቻል፣ ዝናብም አያሳልፍም።

ከዚያስ?

ከዚያ ሁለቱን መለየት ነው፣ ሻካራውንና ለስላሳውን። አንድ ጭብጥ ትይዛላችሁ፣ በአንድ እጅ ሥሩን፣ በሌላው ጫፉን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ትስባላችሁ። ረጅሙ ፀጉር እየወጣ ይመጣል፣ አጭሩና ለስላሳው እጃችሁ ላይ ይቀራል። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ማታ እሳት ዳር እየተጫወቱ የሚሠራ ሥራ ነው። ሻካራው ለምንጣፍ፣ ለገመድ፣ ለጆንያ ይሆናል። ለስላሳው ለባና።

ለስላሳው በደጋን ይነደፋል፣ ደጋኑ ሲመታው እንደ ጭስ ይነሳል። ከዚያ በእንዝርት ይፈተላል። ጥጥ የፈተለች እጅ ሱፍም ትፈትላለች፣ ግን የሱፉ ክር ወፈር ይበል፣ እንዝርቱም ከበድ ይበል።

አንድ ባና የስንት በግ ሱፍ ይፈጃል?

እኛ ቤት ከ8 እስከ 10 በግ። ስፋቱና ውፍረቱ ይወስነዋል። ሸማኔው አጎታችን ነው፣ በሱፍ ድር ሲሠራ ክሩ እርስ በርሱ ስለሚያያዝ ከጥጥ ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚወረውረው። ከተቆረጠ በኋላ በሞቀ ውሃ በእግር ይረገጣል። ያኔ ይጠብባል፣ ይወፍራል፣ ቀዳዳው ይደፈናል። ጥቁር በርኖስ ዝናብ ላይ ቆሞ ውሃ የማያስገባው በዚህ ነው። ሳይረገጥ የተሸጠ ባና በዓመቱ ይሳሳል፣ ገዢውም ሁለተኛ አይመጣም።

ምን ላብላው?

ግጦሽ፣ የገብስና የባቄላ ገለባ፣ ካለ አተላ፣ ጨው። ከታኅሣሥ በኋላ ሣሩ ሲያልቅ ጭማሪ ስጡ፣ ፉርሽካም ቢሆን። በግ ተርቦ የከረመበት ጊዜ ሱፉ ላይ ይጻፋል። አንዲት ዘለላ ሱፍ ሁለቱን ጫፍ ይዛችሁ ነጠር አድርጓት፤ መሃሏ ላይ ከተበጠሰች ያ ቦታ የረሃቡ ወር ነው። አጥር ጥግ ትሪ ሉሰርን የሚባለውን የመኖ ዛፍ ትከሉ፣ ደጋ ላይ ይይዛል፣ ሣር በሌለበት ወቅት ቅጠሉ ይደርሳል።

ምን በሽታ ልፍራ?

ረግረግ። ደብረ ብርሃን ዙሪያም እኛም ጋ ክረምት ላይ ውሃ የሚተኛበት ሜዳ የጉበት ትል ቤት ነው። ትሉ ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ሣሩ ላይ ይወጣል፣ በጉ ከሣሩ ጋር ይበላዋል። ምልክቱ መክሳት፣ የዓይን ሽፋን ውስጡ መንጣት፣ አገጭ ሥር ማበጥ ነው። ሐኪም አማክራችሁ ክረምቱ እንደወጣ መድኃኒት ስጡ፣ በበጋ ድገሙ። አልቤንዳዞል የሚባለውን የትል መድኃኒት ገና በጀመረ እርግዝና ላይ ላለች በግ አትስጡ።

ቅማልና እከክ ሱፍን ያጠፋሉ። በጉ አጥር ላይ ሲታከክ፣ ሱፉን በጥርሱ ሲነቅል ካያችሁ ቶሎ ያስረጩ። ቆዳውም ነጠብጣብ ያወጣና ገዢ ይጥለዋል። ከሽልት በኋላ ያለው ሁለት ሳምንት ለመርጨት ምርጥ ጊዜ ነው፣ መድኃኒቱ ቆዳው ጋ ይደርሳል።

አዙሪት ደግሞ ከውሻ ነው። የታረደ በግ ጭንቅላት ለውሻ ስትጥሉ ውሻው ትል ይይዘዋል፣ በዓይነ ምድሩ ሣር ላይ ይበትነዋል፣ በጉ ይበላዋል፣ ከዚያ አንጎሉ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሠራል። ያው አንድ ቦታ ሲዞር ታዩታላችሁ። ጭንቅላቱን ቅበሩት፣ ወይም አቃጥሉት። ይህቺን ብቻ ሰፈሩ ሁሉ ቢያደርጋት ስንት በግ ይተርፋል።

የጓሳ ጥብቅ ቦታ አጠገብ ነን፤ ቀበሮ አያስቸግርም?

ቀይ ቀበሮ በብዛት የሚበላው አይጥና ፍልፈል ነው። ግልገል የሚፈጀው ተኩላው ነው። ሁለቱን ሳይለዩ መርዝ የሚያስቀምጡ ሰዎች አሉ፣ እባካችሁ ተዉ፤ ቀይ ቀበሮ የቀረው በጥቂት የኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ብቻ ነው። ግልገሉን ከእረኛ ጋር አውጡ፣ ሳይመሽ አስገቡ። ውሻችሁንም ለእብድ ውሻ በሽታ አስከትቡ፣ በሽታው ለሰውም ለቀበሮውም ይተርፋል።

ሱፉን እስክንፈትለው የት እናስቀምጠው?

ደረቅ ቦታ፣ አየር በሚያስገባ ጆንያ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ። ፌስታል አይሆንም፣ ያልበዋል። ብል ጠላቱ ነው። በየወሩ ፀሐይ ላይ አውጥታችሁ አራግፉት።

የት ልሽጠው?

ባናና ምንጣፍ ደብረ ብርሃን ገበያ አለው፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ስለሆነ መንገደኛ ሁሉ ያልፍበታል። ጓሳን ሊያይ የሚመጣ እንግዳም ይገዛል። የተፈተለ ክር ብቻ የሚፈልጉ የምንጣፍ ሠሪዎችም አሉ። ለብቻ ከመሄድ አምስት ስድስት ቤት ሆናችሁ ሂዱ፣ ዓይነቱም ቀለሙም ሲበዛ ገዢው ይቆማል። ዋጋ ስትተምኑ የፈተለችውን ሴት ቀናት ቁጠሩ። ብዙ ቤት የሸማኔው ይቆጠራል፣ የፈታይዋ አይቆጠርም፣ ሥራው ግን በአብዛኛው የእሷ ነው።

ያረጀ ባና ምን ይደረጋል?

አይጣልም። ደህናው ቦታ ተቆርጦ ለኮርቻ ሥር ይሆናል። የተረፈው እኛ ቤት ምድጃው አጠገብ ካስማ ላይ ተሰቅሎ ነው የሚከርመው። ኅዳር ላይ ሌሊት የተወለደ ግልገል እናቱ ሳትልሰው ውርጩ ሊቀድማት ይችላል፤ እየተንቀጠቀጠ ሲመጣ በዚያ ጨርቅ አሽተን እናደርቀዋለን፣ ጠቅልለን እሳት ዳር እናስቀምጠዋለን፣ ጆሮው ሞቅ ሲል እንገር እንዲጠባ ወደ እናቱ እንመልሰዋለን።